ልጆቻችንን መድረክ ላይ የምናወጣው ለማን ብለን ነው?



ዒድ ሲቃረብ በእናቶች የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ የማይቀር ጥያቄ አለ። «የልጆቹን ድራማ ዘንድሮ ማን ያሠራቸዋል?» ከዚያ ዝምታ ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ አንዷ የኔን ስም ትጽፋለች፣ ሌሎቹ «ማሻአላህ» ይሉና ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልበትም። እንዲህ እንዲህ ሲባል ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸውን ልጆች ይዤ መድረሳው ምንጣፍ ላይ ድራማ አለማምዳለሁ። ቲያትር የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬም ሌላ ነው።

ስለዚህ ድራማ እንዴት እንደሚሠራ ላስተምራችሁ አልተነሳሁም። አንድ አቋም ስላለኝ ነው የምጽፈው። የልጆች ድራማ ተሳካ የሚባለው አዳራሹ ስላጨበጨበ ወይም ቪዲዮው ስላማረ አይመስለኝም። መድረክ ላይ የወጣው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት «እኔም ልውጣ» ካለ ተሳክቷል፤ «ሁለተኛ አልወጣም» ካለ ግን የቀረው ሁሉ ቢያምር እንኳ አማናችንን አልተወጣንም። እዚህ ላይ የደረስኩት አንዲት ልጅ ከጎዳሁ በኋላ መሆኑን አልደብቃችሁም።

በሁለተኛው ዓመት የሠራነው የሐበሻን ሂጅራ ነበር። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በ615 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገደማ የመካ ቁረይሾች ያሠቃዩአቸው ሙስሊሞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ እኛ አገር መጡ። ቁረይሾችም ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩና «ሰዎቻችንን መልሱልን» አሉ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ነጃሺ ፊት ቆመው ተናገሩ፣ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያም ቀሩ፤ ንጉሡ ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ። ለእኛ ልጆች ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከየት ይመጣል? ዲንም አለበት፣ ሐበሻም አለበት፣ ስደትም አለበት።

ከልጆቹ መካከል አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እዚሁ የተወለደች፣ ቁርኣን አሳምራ የምትቀራ፣ አማርኛዋ ግን እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን ስብርብር ያለ። የሰጠኋት አንድ ንግግር ብቻ ነው፤ «እኛ በደል ሸሽተን ነው የመጣነው» እንድትል። ፊደል ስለማታነብ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩላት። «ሸሽተን» ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ያወቀች መስሎኝ ነበር። ሁለት ወር ተለማመደች። የዒድ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ማይኩ ፊት ቆማ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ጮክ ብላ «እኛ በደል ሸተን ነው የመጣነው» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልብ በሉልኝ፣ ሳቁ የክፋት አልነበረም። የሳቁት አጎቶችና አክስቶች ናቸው፣ የሚወዷት ሰዎች። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ ሳቅን በዓይነት በዓይነቱ አትለይም። ዝም አለች። እኔ መጋረጃው ጥግ ነበርኩ፤ ፈገግ ብዬ ልረዳት ሲገባኝ ዐይኔን አፍጥጬ፣ ጥርሴን ነክሼ «ቀጥዪ! ቀጥዪ እንጂ!» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ድራማው እስኪያልቅ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ ቆመች። እናቷ ከወንዶቹ ኋላ ከሴቶች ጋር ስለተቀመጠች ሰው ጥሳ መድረስ አልቻለችም። ሌሎቹ ልጆች ቀጠሉ፣ ፕሮግራሙም «አማረ» ተባለ። ያቺ ቦታ ብቻ ተቆርጣ ከሳቅ ምልክት ጋር በየግሩፑ ዞረች።

እናቷ ነገሩን ያጫወተችኝ ከወራት በኋላ ነው። ያን ቀን መኪና ውስጥ «ምን ብዬ ነው የሳቁብኝ?» ብላ ጠየቀቻት። እናትየው ምን ታድርግ፣ ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አማርኛ አልናገርም አለች። ደሴ ያሉት አያቷ ሲደውሉ ስልኩን ትይዛለች፣ ትሰማለች፣ «እሺ» እና «ኢንሻአላህ» ብቻ ብላ ትመልሳለች። አያትየዋ «ልጄን ምን አስቀየምኳት?» ብለው አልቅሰዋል። የአሥር ደቂቃ ድራማ ነበር እህቶቼ። እኔና አዳራሹ ተባብረን በአሥር ደቂቃ የአንዲት ልጅንና የአያቷን ወሬ አቋረጥን።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ታሪኩን ደግሜ አነበብኩት፤ ያላስተዋልኩት ነገር ነበር። የቁረይሽ መልእክተኞች መጀመሪያ ለነጃሺ ሹማምንት ስጦታቸውን ሰጡና ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያናግሯቸው አሳልፈው እንዲሰጧቸው እንዲመክሩላቸው ለመኑ። ሹማምንቱም እንደዚያው መከሩ። ነጃሺ ግን ተቆጡ፤ ሰዎቹን ጠርተው ሳይሰሟቸው እንደማይሰጧቸው ተናገሩ። ይህን የምናውቀው እዚያው በነበረች ሴት፣ በኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በኩል ነው። ነጃሺን ነጃሺ ያሰኛቸው ከእንባቸው በፊት መስማታቸው ነው፤ ባዕድ የሆነ ሰው ፊታቸው ቆሞ ሐሳቡን እስኪጨርስ መታገሣቸው። እኛ በነጃሺ አገር ልጅነታችን የምንኮራው፣ የነጃሺን ድራማ ለማየት የተሰበሰብነው፣ አንዲት ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር እስክትጨርስ መታገሥ አቃተን።

ከዚያ ደግሞ ኡሙ ኻሊድ አለችላችሁ። የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ሐበሻ ተሰደው ሳሉ እዚያው ተወለደች፣ ትንሽ ልጅ ሆናም መዲና ገባች። አስቡት እስቲ፣ አፏን የፈታችው ባዕድ አገር ነው። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልብሷን አይተው «ሰናህ» አሏት፤ በሐበሻ ቋንቋ «ያምራል» ማለት ነው። የግዕዙን «ሠናይ» ያስታውሳችኋል። የዓረብኛ አንደበታቸው ወደር የሌለው ነቢይ ልጅቷን ለማስደሰት በተወለደችበት አገር ቃል አናገሯት። በነቢዩ የነቢይነት ማኅተም መጫወት ስትጀምር አባቷ ቢገሥጻትም «ተዋት» ብለው ከለከሉት። እኔ ይህን ሐዲስ ከዚያ በፊት ሰምቼው አውቃለሁ፤ ኡስታዞቻችን ሐበሻን ለማሞገስ ደጋግመው ያነሱታል። ስለ ልጅቷ ግን ያሰብኩት አሁን ነው።

እንዲህ ያለውን ሁሉ ስናገር አንዳንድ እህቶች «ታዲያ ድራማው ለምን አይቀርም? ቁርኣን ይቅሩ፣ ነሺዳ ይበሉ፣ ይበቃል» ይሉኛል። ሐሳባቸውን አልንቅም። ነገር ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂዳቸው ውስጥ በጦር ሲጫወቱ አልከለከሉም፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ከኋላቸው ሆና፣ እስክትጠግብ ድረስ አይታለች። ያ ቲያትር ነበር እያልኩ አይደለም። በዒድ ደስታ የሚታይ ጨዋታ ለልጅ ነፍስ ቦታ እንዳለው ግን ያሳየኛል። ደግሞም እዚህ አገር ልጆቻችን በትምህርት ቤታቸው መድረክ ላይ መውጣታቸው አይቀርም። የራሳቸውን ታሪክ በራሳቸው ሰዎች ፊት ቢናገሩ ምነው?

ድንበር አለው፤ እሱን አንረሳም። ነቢያትን ማስመሰል አይቻልም፣ በዚህ ክርክር የለም። ሶሓቦችን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ ነገር ብለዋል፤ እኛ ኡስታዛችንን ጠይቀን ጥንቃቄውን መርጠናል። ሙስጠፋ አልዐቃድ በ1976 ያወጣውን «አር-ሪሳላ» የተባለውን ፊልም ያላየ ቤት ጥቂት ነው፤ እዚያ ውስጥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። እኛ ደግሞ ሶሓቦችንም ሳናስመስል እንሠራለን። ማንም ልጅ «እኔ ጃዕፈር ነኝ» አይልም። ልጆቹ በግማሽ ክብ ይቆሙና «ጃዕፈር (ረ.ዐ) እንዲህ ብለው ተናገሩ» እያሉ እየተቀባበሉ ይተርካሉ። የሚመሰሉት መርከበኞች፣ የቤተ መንግሥት ዘበኞች፣ የገበያ ሰዎችና ንጉሡ ናቸው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ የፈጠረው አሠራር ለትንንሽ ልጆች ከሌላው ይልቅ የሚመች ሆኖ አገኘሁት። አንዱ ቢረሳ ጎኑ ያለው ይቀበለዋል፣ ብቻውን የሚቀር ልጅ የለም።

የንጉሡ ነገር ግን አያድርስ! ሁሉም እናት ልጇ ነጃሺ እንዲሆን ትፈልጋለች። ዘውዱ ስላለ ነው መሰለኝ። «የኔ ልጅ ቁመቱም ይመጥናል»፣ «የኔ ልጅ ድምፁ ጎላ ያለ ነው»፤ ለመድረሳው ደህና ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ልጅ ከሆነ ደግሞ ስልኩ የሚመጣው ከኮሚቴ ነው። አንድ ዓመት ተሸንፌ ሰጠሁ፣ ሁሉም ልጆች ለምን እንደተሰጠው አወቁ። ልጅ ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። አሁን ንጉሥ የማደርገው ዝምተኛውን ልጅ ነው። ነጃሺ በእኛ ድራማ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይናገራል። ባለፈው ዓመት ዘውዱን ያደረገው ልጅ ክፍል ውስጥ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ሃያ ደቂቃ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ሌሎቹን ሲያዳምጥ እንዴት እንዳማረበት! በመሃል ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ውኃ ጠጣ እንጂ።

የቁረይሽን ስጦታ የሚሸከም ደግሞ አይገኝም። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ቆዳውን ያዝ ስለው እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ «ካፊር ልሆን ነው?» አለኝ። መሳቅ ቃጣኝ፣ ያለፈው ትዝ ብሎኝ ዋጥ አደረግኩት። ቁጭ ብዬ ዐይን ለዐይን እያየሁት አስረዳሁት። ጨዋታ መሆኑን፣ እሱ እሱ ሆኖ እንደሚቀር፣ ደግሞም ከመልእክተኞቹ አንዱ ዐምር ኢብኑል ዓስ ኋላ ሰልመው ትልቅ ሶሓባ እንደሆኑ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ይዤ እመጣለሁ፣ ግን ስመለስ አስቀምጠዋለሁ» አለ። አስቀመጠውም። ነጃሺ ስጦታውን መልሰው እንደነበር አላወቀም፤ እንደኔ እንደኔ ከዚያ የተሻለ ትወና አላየሁም።

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድም ቀን «ኡፍ» እንዳላሏቸው፣ ለሠሩትም ሆነ ለተዉት ነገር «ለምን?» ተብለው እንዳልተጠየቁ አውርተዋል። እኔ በአንድ ቅዳሜ ስንቴ «ኡፍ» እንደምል ብቆጥር አፍራለሁ። ልጅን ማለማመድ የሰውን እውነተኛ ጠባይ ያወጣል። ከሥራ ደክሜ መጥቼ፣ አንዱ ምንጣፉ ላይ ሲንከባለል፣ ሌላዋ ሽንት ቤት ስትል፣ የዒዱ ቀን ሲቃረብ፣ «እናንተ ልጆች ልታሳፍሩኝ ነው!» የሚለው ቃል ከአፌ ይወጣል። «ልታሳፍሩኝ»። ማንን? እኔን። ቃሉ ራሱ ኒያዬን ያጋልጠኛል።

ብዙ ነገር ቀይሬያለሁ፣ አንዳንዱ ትንሽ ነው። ልምምዱን ከሃያ አምስት ደቂቃ አላስበልጥም፤ ከዚያ በላይ የአምስት ዓመት ልጅ አካሉ እንጂ ልቡ እዚያ የለም። ታሪኩን መጀመሪያ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ በፈለጉት ቋንቋ መልሰው ይነግሩኛል፣ የሚናገሩትን የምጽፈው ከራሳቸው አፍ ነው። ለአንድ ልጅ የማይገባውን ቃል አልሰጥም፤ «ሸሽተን» አሁን «ሮጠን» ሆኗል። በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉንም ትቻለሁ፣ «ተ»ንም «ጠ»ንም አንድ አድርጎ ነው የሚያበላሸው። በምትኩ አገር ቤት ያሉ አያቶች ንግግሩን በድምፅ ቀርጸው በዋትሳፕ ይልካሉ። አንዷ አያት ከጅማ ለልጅ ልጃቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርጸው ሲልኩ ስምንት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ዱዓው፣ ሰላምታው፣ የጎረቤቱ ወሬ ሁሉ አለበት። ልጁ ግን ስምንቱንም ደቂቃ ደጋግሞ ሰማው። ከመውጣታቸው በፊት የሙሳን (ዐ.ሰ) ዱዓ አብረን እንላለን፤ ምላሳቸው እንዲፈታ አላህን የለመኑበትን። ነቢይም መናገር ይከብደው እንደነበር ማወቃቸው ለልጆቹ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ አዳራሹ ልምጣ፤ ኮሚቴዎቻችን የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡልኝ። የልጆች ድራማ ሲሆን የእናቶች መቀመጫ መድረኩን ከቅርብ የሚያይ ይሁን። ወንዶችና ሴቶች ተለይተው ይቀመጡ፣ በዚህ ማንም አልተጣላም። ነገር ግን መለየት ማለት ሴቱን ከኋላ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ አዳራሹን በቁመቱ ለሁለት ከፍሎ ግራና ቀኝ ማድረግ ይቻላል። ትንሽ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያደርገው እናቱን በዐይኑ መፈለግ ነው። ሲያጣት ምን እንደሚሆን እኔ አይቻለሁ። አምና ይህን በኮሚቴ ስብሰባ ሳነሳ «እሱ ዝርዝር ጉዳይ ነው» ተባልኩ። ዘንድሮ አንድ ወንድም ደገፈኝና ተፈቀደ፣ አልሐምዱሊላህ።

ሁለተኛ፣ ስልክ። አንድ ሰው ብቻ ይቅረጽ፣ ቪዲዮውም ለወላጅ ብቻ ይሰጥ። የሰው ልጅ የተሳሳተበትን ቆርጦ ለሳቅ ማዞር የዚያን ልጅ ክብር መንካት ነው፤ ልጅ ክብር የለውም ያለን ማን ነው? ሦስተኛውን ስናገር ደግሞ እንዳትቀየሙኝ፤ ተክቢራውን ቀስ! ሦስት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ «አላሁ አክበር» ሲል የአምስት ዓመት ልጅ ይደነግጣል። አንዷ ጆሮዋን ይዛ ወደ መጋረጃው ሮጣብኛለች።

የልጆቹ አማርኛ ሲሰበር ደግሞ አንሳቅ። አውቃለሁ፣ ያስቃል፤ እኔንም ያስቀኛል። ዋጥ እናድርገው። እኛ እዚህ አገር ስንመጣ እንግሊዝኛችን ሲሰበር የሳቀብን ሰው ፊቱ ዛሬም ድረስ ትዝ ይለናል፤ ያውም ትልቅ ሰው ሆነን።

ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እናቷን አስፈቅጄ ቤታቸው ሄድኩ፣ ሻይ ፈላ፣ ወሬው ሁሉ አለቀ፣ እኔ ግን እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ። ለትልቅ ሰው «አውፍ በይኝ» ማለት ለምደናል፤ ለልጅ ሲሆን አፍ አይታዘዝም። በመጨረሻ «ያን ቀን የተቆጣሁሽ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አልኳት። በእንግሊዝኛ «ኦኬ» ብላ ወደ ሥዕሏ ተመለሰች። ሌላ ነገር አልጠበቅኩም፣ ውሸቴን ነው፣ ጠብቄ ነበር።

ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። መድረክ አልወጣም አለች፣ አልለመንኳትም። በአራተኛው ቅዳሜ ግን ታናሽ ወንድሟን ይዛ መጣችና ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ማየት ጀመረች። በስድስተኛው ቅዳሜ የሁሉንም ልጆች ንግግር በቃሏ ይዛዋለች። የዒድ ቀን መጋረጃው ጀርባ እንድትቆምና የረሱትን እንድታስታውስ ጠየቅኳት፣ እሺ አለች። ድራማው ሊጀመር ሲል እኔ እንደለመድኩት ጥግ ቦታዬን ይዤ ስቆም እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ። «አክስቴ» አለችኝ በዚያች ስብርብር አማርኛዋ፣ «አንቺ እዚያ ሂድ። አንቺ ካየሽ እነሱ ይረሳል።»

ሄጄ ከእናቶች ጋር ተቀመጥኩ።